እግራቸው ድኖ መኪና የፈሩት ሹፌር

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ሥራ የጀመርኩት አዳማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አቶ ግርማ ጋውን ሰጡኝና ወደ ክፍሉ አስገቡኝ። ሁለት አልጋ፣ ታካሚዎች ይዘው የሚራመዱባቸው ጥንድ ብረቶችና አንድ ትልቅ መስታወት ነበሩ። መስኮቱ ጋ አንድ ጎልማሳ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። «የመጀመሪያ ታካሚሽ እሳቸው ናቸው» አሉኝ አቶ ግርማ።

ከኋላ መጥቼ ጉልበታቸውን ያዝኩ። ሰውዬው ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ዓይናቸው ፈጧል፤ ግን እኔን አያዩም። አጥንቴ የሚሰበር መሰለኝ። አቶ ግርማ ራቅ ብለው ቆመው በዝግታ ስማቸውን ደጋግመው ጠሩ። የሰውዬው እጅ ላላ። «ይቅርታ ልጄ» አሉኝ በጣም አፍረው። «መኪናው ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነው።»

ጋሽ ቶሎሳ ይባላሉ፤ የሞጆ ሰው ናቸው። ከደረቅ ወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ተሳቢ ይነዱ ነበር። አንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አላቸውና ተገለበጡ። ግራ እግራቸው ተሰብሮ ጋቢናው ውስጥ ተቀርቅረው ቆዩ፤ ናፍጣው ጠብ ጠብ ሲል እየሰሙ፣ አሁን እሳት ተነሣ እያሉ።

እግራቸው ደህና ሆነ። ክራንቹን ጥለው መራመድ ጀመሩ። መኪና ግን አይገቡም። ያረፉት አዳማ እህታቸው ቤት ስለነበር ወደ እኛ የሚመጡት በእግር ነው። ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ልጃቸው ከመቂ ወዲያ ባለችው አዳሚ ቱሉ ልትዳር ቀን ተቆርጧል፤ በሞጆ በኩል ዞሮ የሚኬድ የመኪና መንገድ ነው። «አባት ሳይኖር ልትዳር ነው» ይሉኛል።

«አጥንቱ ገጥሟል፤ ፋይሉን ዝጊው» አሉኝ አቶ ግርማ።

«መኪና መግባት አልቻሉም እኮ።»

«እኛ የምናክመው እግር ነው።»

እልህ ያዘኝ። ግቢው ውስጥ ወደቆመው የሆስፒታሉ ፒክአፕ ወሰድኳቸው። «አይዞዎት፣ እኔ አብሬዎት ነኝ» ብዬ ከኋላ ወንበር አስገባኋቸውና እኔም ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ትንሽ ሳይቆዩ ትንፋሽ አጠራቸው። ከንፈራቸው ነጣ። «ክፈቺ! ክፈቺ!» እያሉ መስታወቱን በቡጢ ይደበድባሉ። የበሩን እጀታ ሳብኩት፤ አይከፍትም። ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ እኔ አላወቅኩም። የሌላው በር እጀታም እንዲያው ነው። ድረሱልን ብዬ ጮኽኩ። እጄ ላይ ሊሞቱ ነው አልኩ። ጩኸቴን ሰምቶ ጥበቃው ሮጦ መጣና ከፈተልን።

ጋሽ ቶሎሳ ወርደው የግቢው የውሃ መውረጃ ዳር አስመለሳቸው። ከዚያ በግቢው በር ወጥተው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት አልመጡም። ስልካቸው አይነሣም። የክፍሉ በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ለአቶ ግርማ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ የአእምሮ ጤና ነርስ ወደሆነችው ወደ ሲስተር ሐና ላኩኝ።

ሐና ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ከመኪናው መጀመር አልነበረብሽም» አለች። «አይዞዎት ስትያቸው ጆሯቸው ይሰማል፤ ሰውነታቸው ግን አያምንሽም። መጀመሪያ እግራቸው መሬት መርገጡን ሰውነታቸው ይወቅ።»

አብረን እህታቸው ቤት ሄድን። በሕይወት ሳያቸው ተመስገን አልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። «አንቺም ፈርተሽ ነበር፤ አይቼሻለሁ» አሉኝ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ።

ከዚያ በኋላ በሐና ክትትል ሥራችን ሌላ ሆነ። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው እግራቸውን ወለሉ ላይ ይጫናሉ። ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብለው ረጅም ትንፋሽ ያወጣሉ። አንገታቸውን በዝግታ አዙረው ክፍሉን ያያሉ፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ እኔን። ሳልጠይቅ አልነካቸውም። አንዳንዴ ጭናቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

«ወንድ ልጅ እንዲህ ሲርገፈገፍ አያሳፍርም?» አሉ አንድ ቀን።

«ይርገፍገፍ፤ ራሱ ሲበቃው ይተዋል» አለቻቸው ሐና። እውነትም ተወ።

ወደ ፒክአፑ የተመለስነው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ቀን ጎማውን ነክተው ብቻ ተመለሱ። ሌላ ቀን በሩ ተከፍቶ፣ እግራቸው መሬት ላይ ሆኖ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ካነሡ እናቆማለን። ሞተር የተነሣ ቀን እጃቸውን አራት ጊዜ አነሡ፤ አራት ጊዜ አጠፋነው።

ለሠርጉ በሚኒባስ ስንሄድ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሞጆን አልፈን ወደ መቂ ስንጓዝ ከፊት ለፊታችን የሚመጣ ተሳቢ ሌላ መኪና ሊቀድም መስመራችን ውስጥ ገባ። ሹፌራችን ወደ ዳር አጥፎ አዳነን። እኔ ጮኽኩ። ጋሽ ቶሎሳ የፊተኛውን ወንበር ጨብጠው ጣቶቻቸው ነጡ።

«አቁም!» አሉ።

«አባባ፣ አለፈ እኮ፤ መንገድ ላይ ነን» አለ ሹፌሩ።

«አቁም አልኩህ!»

ቆመ። ወረዱ። ሜዳውን እያዩ፣ እግራቸውን አፈሩ ላይ ተክለው ተነፈሱ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። እኔ እዚያው ሊቀሩ ነው ብዬ ፈራሁ። ከቆይታ በኋላ ዞር አሉና፣ «እንሂድ» ብለው በራሳቸው እግር ገቡ።

ልጃቸውን ዳሩ። ተሳቢ ግን ዳግመኛ አልነዱም። ዛሬ ሞጆ ጎማ ይሸጣሉ፤ አሁንም ሚኒባስ የሚሳፈሩት በሩ አጠገብ ቦታ ሲያገኙ ብቻ ነው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። የፈራ ሰውነት በትእዛዝ አይረጋም። ሳትጠይቁ አትንኩ፤ አቁሙ ሲሏችሁ አቁሙ። አንዳንዱን ሰው ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ አይለቀውም፤ ከፍርሃቱ ጋር መንገድ መሄድ ከቻለ ሥራችሁን ሠርታችኋል።