በእትብት የተሰጠች

ማህቢቢን አፈ ሻካራ ናት ይሏታል። እውነት ነው፣ አልዋሽም። ከከተማችን ከኻሽ ትልቁ ከተማ ዛሄዳን ድረስ ስንት ዘመን ሰውና ፍየል በዚህች መኪናዬ ሳመላልስ እንደ እሷ የሞለጨኝ ተሳፋሪ የለም። «አንተ ፒርባክሽ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ የሚሄድ መቃብር?» ትለኛለች ገና እግሯን ሳታስገባ። «ካልጣመሽ እግር አለሽ» እላታለሁ። ጎረቤቴ ናት፤ ስንሰዳደብ ነው ያረጀነው። ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ ሙሽራ ሁሉ የደረት ጥልፍ የምታሠራው እሷ ዘንድ ነው።

ሁለት ወንድ ልጆች ቀብራለች። ሁለቱም ሲወለዱ ፈርጠም ያሉ ነበሩ። እትብታቸው ሲወድቅ ግን እምብርታቸው ይደማ ጀመር፤ ቆመ ሲባል መልሶ ይፈሳል። አመድ ነሰነሱበት፣ ክታብ አሰሩላቸው፣ የሰው ዓይን ነው ተባለ። ምን ያረጋል፣ ሞቱ። ሦስተኛዋ ሳዚን ተረፈች። እሷ ስትወለድ አያቷ እንደ እኛ እንደ በሉቾች ደንብ የአጎቷን ልጅ የጋምሻድን ስም ጠርተው ነው እትብቷን የቆረጡት። በአንድ ወንድ ስም እትብቷ የተቆረጠ ልጅ የእሱ ናት፤ አለቀ።

ኋላ ደም የሚያጠኑ ሐኪሞች መጡ። ቤት ለቤት እየዞሩ ከትልቅ ከትንሹ ደም ቀዱ። ይሄ በሽታ በእኛ አገር ከሌላው ዓለም ሁሉ በዝቶ እንደሚገኝ የነገሩን እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ዶክተር ማህቢቢ ቤት ቁጭ ብላ ስታስረዳት እኔም ሰምቻለሁ።

«ደማቸው ይረጋል እህቴ፣ ግን አይጸናም። ጭድ የሌለው ጭቃ ግድግዳ ላይ ብትለጥፊው ይረግፍ የለ? እንደሱ ነው። ልጁ የሚታመመው ጭዱን ከእናትም ከአባትም ሲያጣ ነው። አንቺና ባልሽ እናንተ ሳትታመሙ ግማሽ ግማሹ ጎድሎባችኋል። የወንድማማች ልጆች አይደላችሁ?»

«ታዲያ ልጆቼን የገደልኳቸው እኔ ነኛ!» አለች ማህቢቢ።

«ማንም አልገደላቸውም። አሁን መርፌ አለ። ደሙ እንደታየ ቶሎ ካመጣችሁት ልጅ ያድጋል።»

የሳዚን ደምም ታየ፤ ግማሹ እሷም ላይ ጎድሏል። ማህቢቢ ያን ቀን ቆረጠች። የጋምሻድ ደም ሳይታይ፣ ንጹሕ ነው ሳይባል፣ ሠርግ የሚባል ነገር የለም! ወንድሟ ሻህሚር፣ የጋምሻድ አባት፣ እሳት ጎርሶ መጣ።

«እናታችን በልጄ ስም የቆረጠችውን አንቺ ልትሽሪ? አገር ምን ይለኛል?»

«አገር ያሻውን ይበል! አንተ የጨቅላ ደም በእጅህ ላይ ሲያልቅ አይተሃል? እኔ ሁለቴ አይቻለሁ። ልጅህ ክንዱን ይስጥ፣ ሌላ ወሬ የለኝም።»

ጋምሻድ ዛሄዳን ወርዶ ሰጠ ተባለ። ውጤቱን በጆሮዋ ልትሰማ እኔው ነኝ የወሰድኳት። ነርሷ «ጋምሻድ ንጹሕ ነው» ስትላት ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እልል ስትል ነበር፤ ወላሂ መኪናዬንም አመሰገነቻት። ሠርጉ ተደገሰ፣ በሉቹ ሁሉ ጨፈረ።

ባለፈው መከር ሳዚን ወንድ ወለደች። እትብቱ የወደቀ ዕለት ጨርቁ ላይ ደም ታየ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? የጋምሻድ እናት ደንግጣ እየሮጠች መጥታ መኪና እንዳስነሣ ለመነችኝ። ቁልፌን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ማን አገደን? ማህቢቢ!

«አታስደንግጡ!» አለች። «ይሄ የዚያ ዓይነት አይደለም። የአባቱ ደም ታይቷል፣ ንጹሕ ነው። የጨቅላ እምብርት ጥቂት ይደማል፣ ይደርቃል።»

«እንሂድ እማ» አለች ሳዚን ከፍራሿ ላይ። «ግድ የለም፣ እንሂድ።»

«አራስ ሆነሽ በዚህ ብርድ? ተኚ።»

ማን ይሟገታታል? ጋምሻድ እንኳ ከበሩ ጥግ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ይህን ደም ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም። እኔም ተመለስኩ። በማግሥቱ ጠዋት ልጁ ጡት እምቢ አለ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ዞረ። ያኔ እየጮሁ ጠሩኝ።

ጋምሻድ ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ ማህቢቢና ሳዚን ሕፃኑን ይዘው ከእኔ ጎን። ማህቢቢ ጨርቁን በገለጠች ቁጥር «ደሙ ታይቷል እኮ! ታይቷል እኮ!» ትላለች። ከተማውን እንደለቀቅን ሳዚን ተናገረች።

«እማ፣ የታየው የጋምሻድ ደም አይደለም። ጓደኛው ነው በስሙ ሄዶ የሰጠው። ሂድ ያስባልኩት እኔ ነኝ።»

መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«ለምን?» አለች ማህቢቢ።

«እወደዋለሁ። ደግሞስ እትብቴ በስሙ ተቆርጦ፣ እሱ ከቀረ ማን ያገባኛል? አላህ ያውቃል፣ አይደርስብንም ብዬ ነው።»

«ትናንትስ? ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

ማህቢቢ ወደ እኔ ዞረች። «ንዳ» አለችኝ። ነዳሁ፤ ይህች አሮጌ መኪና እንደዚያ ሄዳ አታውቅም።

ዛሄዳን ሐኪም ቤት ስንደርስ መርፌው ነበረ። ወይ ነዶ! ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ወዲያው ወጉት። ግን ደሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ፈስሶ ቆይቷል። ያችው ዶክተር ነበረች ተረኛዋ። ማህቢቢን ስታይ አወቀቻት።

«እህቴ፣ አንቺ ታውቂው የለም እንዴ?» አለቻት። «ትናንት ብታመጡት ኖሮ።» ክፉ ልትላት አይደለም፤ አዝና ነው። ማህቢቢ አንገቷን ደፋች። ልጁ ከቀትር በፊት ሞተ።

ስንመለስ ሳዚን የተገነዘውን ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘች። ጋምሻድ ከኋላ ሲያለቅስ በመስኮቱ ይሰማል። እንደ ልጄ ባዝንለትም፣ ወርጄ በጥፊ ልለውም አምሮኝ ነበር።

«እማ፣ እርገሚኝ» አለች ሳዚን።

ማህቢቢ መንገዱን ታያለች።

«እርገሚኝ እንጂ! ገደልሽው በይኝ! በአላህ፣ አንድ ነገር በይኝ!»

እኔም ጠበቅኩ። ጎማ ሲተነፍስ እንኳ ጎማውን የምትሰድብ ሴት ናት። ማህቢቢ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ወዲህ ስጪኝ» አለቻት። «አንቺ አራስ ነሽ፣ ክንድሽ ይዝላል። እንዴት እንደሚያዝ እኔ አውቃለሁ።»