ኮንሶል አንድ ጎማ፣ ኮምፒውተር ሁለት ጎማ

አዳማ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ፣ ሰው ሁሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የሚሄድ ይመስለኛል። እኔማ አንዴ ከነሸሚዜ አንስቶኝ ሞጆ አድርሶኝ በእግሬ ተመልሻለሁ። የማያምን ሚስቴን እንዳይጠይቅ።

ጎረቤቴ ግን ነፋስ የሚያነሳው ሰው አይደለም። ዕድሜውን በሙሉ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ ተሳቢ ሲነዳ ኖሮ፣ አምና ሐኪሙ "ለልብህ ስትል ከመሪ ውረድ" አለው። ወረደ። ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ኮረብታው ላይ እንደ እንቅልፋም የሚዞሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሲያይ ይውላል። ቀኝ እግሩ ግን እስካሁን አልወረደም፤ ወሬ እያወራን እንኳ ፍሬን ይረግጣል።

ሳሎኑ ውስጥ ሁለት አዲስ የከባድ መኪና ጎማዎች አሉት። ተደራርበው፣ ሚስቱ የሠራችውን ዳንቴል ለብሰው፣ ቴሌቪዥን ተሸክመዋል። "የራሴን መኪና ልገዛ ጀምሬያለሁ፤ ጎማው ተሟልቷል፣ የቀረኝ መኪናው ነው" ይላል ለመጣ እንግዳ ሁሉ።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ የጌም ኮንሶል ልገዛ ገንዘብ ሳጠራቅም ነበር። ጌም ቤት ወረፋ እየጠበቅሁ በኳስ መሸነፍ ሰልችቶኛል፤ ቤቴ ሆኜ ልሸነፍ። ዋጋ ልጠይቅ ስሄድ እሱንም ይዤው ሄድኩ።

"አካም ጅርቱ" ብላ ተቀበለችን የኮምፒውተር ቤቷ ባለቤት። አንዱ ጠረጴዛ ላይ መሪ የተገጠመለት ኮምፒውተር አለ፤ ስክሪኑ ላይ ተሳቢ መኪና ቆሟል። ጎረቤቴ እንደ ድሮ ወዳጁ አየው።

ሴትዮዋ አስረዳችን። ኮንሶል ርካሽ ነው፤ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ መጫወት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ጨዋታ በውድ ይገዛል። ኮምፒውተር ራሱ ውድ ነው፤ ስክሪን ይፈልጋል፣ ስታብላይዘር ይፈልጋል። ጨዋታው ግን ርካሽ ነው፣ የተበላሸውም ዕቃ ብቻውን ይቀየራል። ይሄኛው የከባድ መኪና ጨዋታ ደግሞ ኮንሶል ላይ የለም።

"ገባኝ" አለ ጎረቤቴ። "ኮንሶል ማለት ኮፈኑ የተበየደ መኪና ነው። ኮምፒውተር ዕቃው እየተለወጠ የሚኖር የድሮ ካሚዮን ነው።"

"ካሚዮንህ የአንድ ቀበሌ መብራት ይበላል። እኔ ኮንሶሉን ልግዛ፣ ኳስ እንጫወት" አልኩት።

"ኳስማ ሐኪም አልከለከለኝም፤ የከለከለኝ መሪ ነው።"

"ይሞክሩት፣ አባቴ" አለችው። ወንበሩን አስተካከለ። የሌለ መስታወት በእጁ አቀናና መኪናውን አስነሳ። ስክሪኑ ላይ የማናውቀው አረንጓዴ አገር መጣ፣ ዝናብ ጣለ። ቀስ ብሎ ነዳ። እኔ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሱቁ ራሱ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ በር ላይ የቆመው ባጃጅ ወደ ኋላ ቀረ፣ የመተሐራ ሙቀት ፊቴን ነካኝ፣ ሐይቁ በግራ በኩል እያብረቀረቀ አለፈ።

"ይሄ አገር ፍየል የለውም እንዴ?" አለ ድንገት። "ፍየል የማይገባበት መንገድ አላምንም።"

ጥግ ይዞ አቆመና ዋጋ ጠየቀ። እሱ ሁሉን ነገር የሚለካው በጎማ ነው። "ኮንሶሉ አንድ ጎማ" አለ። ኮምፒውተሩን ከነመሪው ስትነግረው ግን እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ሁለት ጎማ ነው።

"ይቆየኝ" ብሎ ተነሳ። በር ላይ ስንደርስ ዝቅ ባለ ድምፅ "አንዱን እሸጠው ነበር" አለኝ። "ሁለቱንም ከሸጥኩ ግን፣ በቃ፣ አልነዳም ማለቴ አይደል?"

ስልኬን ረሳሁ ብዬ ተመለስኩና ለኮንሶል ስላጠራቀምኩት ገንዘብ ከሴትዮዋ ጋር ተነጋገርኩ። በማግስቱ በረንዳው ላይ አገኘሁትና "ዋጋው ወርዷል፤ ኮምፒውተሩ ከነመሪው አንድ ጎማ ሆኗል" አልኩት። ዕድሜዬን ሁሉ አንዱን አሥር ሳደርግ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ሁለቱን አንድ አደረግኩ።

"በአንድ ቀን?"

"ዶላር ወርዶ።"

"ዶላር!" አለ። ቀኝ እግሩ ፍሬን ረገጠ። "ኮንሶልህስ?"

"ኳስ ሐኪም ከለከለኝ።"

አልሳቀም። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ።

አሁን ቴሌቪዥኑ አንድ ጎማ ላይ ነው። ሚስቱ "በእናንተ ምክንያት ዜና ተንበርክኬ ነው የማየው" ትለናለች። ኮምፒውተሩ አጠገቡ ነው። እኔ ረዳት ነኝ። ከሰዓት በኋላ መስኮቱን እንከፍታለን፣ ነፋሱ መጋረጃውን እየነፋ ይገባል፣ እንሄዳለን። ማንም ባልሰማው ከተማ ጥግ ይይዝና፣ ሞተር ሳያጠፋ፣

"ረዳት! ውረድና ጎማ እይ" ይላል።

እነሳለሁ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደርገዋለሁ። ከተሠራ ጀምሮ ነፋስ ገብቶበት የማያውቅ ጎማ ነው።

"እንዴት ነው?"

"ሙሉ ነው። እንዲያውም ትንሽ ይቀነስለት።"

"ተወው" ይላል መሪውን እንደያዘ፤ "ገና ሩቅ ነን።"