ከካርቶን የሠራነው የጅብ ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ አብነት ሰፈር በነበረው ግቢያችን መብራት ሲጠፋ የሚበሳጩት ትልልቆቹ ብቻ ነበሩ። እኛ ልጆች «ሄደ!» ብለን እየጮህን ከየቤታችን እንወጣና በጨለማው እየተደናበርን ግቢው መጨረሻ ላይ ወደነበረችው ወደ እማማ በለጡ ቤት እንሮጣለን። እማማ በለጡ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለተክለ ሃይማኖት ነጋዴዎች የነጠላና የጋቢ ጠርዝ እየቋጩ የሚተዳደሩ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ሻማቸውን ትሪ ላይ ያቆሙና ከሰሉን ቆስቆስ አድርገው በቆሎ ይደረድሩበታል፤ ፍሙ ፊታቸውን ከታች ሲያበራው ጥላቸው ጋዜጣ በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ እየረዘመ ይወጣል፤ እኛም በጭሱና በበቆሎው ሽታ መሃል ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን አፍ አፋቸውን እናያለን። ያኔ ተረት ማለት ለእኔ የእሳቸው ድምፅ ማለት ነበር።

ከእኛ ጋር የምትታደም አንዲት ግራጫ ድመትም ነበረች። የማንም አልነበረችም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትገባና ስትወጣ ስለምትውል፣ ከገባችበትም ቤት አንድ ነገር ሳታነሳ ስለማትወጣ ስሟ ደላላ ነበር። እማማ በለጡ አይወዷትም። ተረቱ መሃል እግራቸው ሥር ስትሽሎከሎክ ካዩ ነጠላ ጫማቸውን ይወረውሩባታል፤ ደላላ በበር ወጥታ በመስኮት ትመለሳለች።

አንድ የክረምት ምሽት የወለላን ተረት ጀመሩልን። ወለላ የምትባል ልጅ መንገድ ጠፍቷት ስትንከራተት ዝናብ ይይዛትና ጫካ መሃል አንድ ቤት ታገኛለች። ባለቤቱ የለም። ቤቱ አጥንት በአጥንት ስለሆነ ደንግጣ ልትወጣ ስትል ከውጭ ዳና ትሰማለች፤ ሌላ መሸሸጊያ ብታጣ ጥግ ላይ የቆመ ጋን ውስጥ ዘላ ትገባለች። የቤቱ ባለቤት ጅብ ነበር። ገባና በሩን ዘጋ። አነፈነፈ። «ቤቴ ውስጥ ማነው የተነፈሰው?» አለ። እዚህ ላይ እማማ በለጡ ራሳቸው ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ፤ እኛም ዋጥን።

«ቀሪው ለነገ ነው» አሉ። «ሂዱ ተኙ።»

«እማማ፣ ብቻ መውጣቷን ይንገሩን!» ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁና ጸጉሬን ዳበስ አድርገው አስወጡኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በራቸው ሳይከፈት ሲቀር እናቴ ገፍታ ገባች። አልጋቸው አጠገብ ወድቀው ነበር። ሆስፒታል ሰነበቱና ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ተስቧል። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሁሉም የባሰው ግን ቃላቸው መጥፋቱ ነበር። ያ ሁሉ ጅብና ንጉሥ፣ ያ ሁሉ መንገደኛ ሲመላለስበት የነበረ አፍ አሁን የሚያወጣው አንድ ቃል ብቻ ሆነ። «እንትን።» ውሃ ሲፈልጉ እንትን፤ ብርድ ሲሰማቸው እንትን፤ ለእኔ ስምም እንትን።

ጠያቂው ብዙ ነበር። ሰዉ ይወዳቸዋል። ነገር ግን እንደማይሰሙ ሁሉ ጮክ ብሎ ያናግራቸዋል፣ ከዚያ ደግሞ እንደሌሉ ሁሉ ስለ እሳቸው እርስ በርሱ ያወራል። የወንድማቸው ልጅ ሙላት ከቡታጅራ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ሲያያቸው አለቀሰ። ከዚያ ከእናቴ ጋር በር ላይ ቆሞ፣ «ለመስቀል መጥቼ ይዣቸው እሄዳለሁ። ከእንግዲህ እዚህ ብቻቸውን ምን ያደርጋሉ? ቤቱን ለቀበሌ አስረክባለሁ» አለ።

«እንትን!» አሉ እማማ በለጡ ከውስጥ። «እንትን! እንትን!»

«ውሃ ጠምቷቸው ነው» አለ ሙላት፤ ሮጦም ቀዳላቸው። ኩባያውን በግራ እጃቸው ተቀብለው ሳይቀምሱት መሬት አስቀመጡት። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ አየሁ። ውሃ አልነበረም የፈለጉት።

አንድ ከሰዓት፣ ማንም በሌለበት፣ «እማማ፣ ወለላ እንዴት ወጣች?» አልኳቸው። ልጅ ነበርኩ፤ የጨነቀኝ እሱ ነበር። ዓይናቸው በራ። አፋቸውን ከፈቱ፣ «እንትን... እንትን...» አሉና ጉልበታቸውን በግራ እጃቸው መቱት፤ እንባቸው ወረደ። ሲመሽ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አሰብኩበት፤ አፋቸው እምቢ ካለ በእጃቸው ያሳዩኛል፣ ለዚያ ግን የጅቡ ቤት ያስፈልጋል።

ለጓደኛዬ ለሰሚራ ነገርኳት። አባቷ ተክለ ሃይማኖት ጫማ ስለሚሸጡ ካርቶን ችግራችን አልነበረም። እማማ በለጡ እግር ሥር ቁጭ ብለን ትልቁን ካርቶን በር ቀደድንለት። እኔ ሳሎንና መኝታ ቤት እንለይ አልኩ፤ ሰሚራ ጅብ ሳሎን የለውም ብላ ተከራከረችኝ። መስኮት ይኑረው አይኑረው ሊያጣላን ሲል እማማ በለጡን ጠየቅናቸው፤ ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁ፤ መስኮት ወጣለት። ስትሮክ ከያዛቸው ጀምሮ አንድ ሰው ሐሳባቸውን ሲጠይቃቸው ያየሁት ያን ቀን ነበር፤ እሳቸውም ቀና ብለው ተቀመጡ።

ግድግዳውን በዱቄት ሙጫ አጣበቅነውና ፍሙ አጠገብ እንዲደርቅ ትተነው ሄድን። በማግስቱ ስንመጣ ቤቱ እንደ መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ ደላላ ሙጫውን ልሳ ጨርሳ መሃሉ ላይ ተኝታለች። ሰሚራ በጅራቷ ልትጎትታት ብላ ተቧጨረች። ጎረቤታችን አናጢው ጋሽ ሽብሩ ጩኸታችንን ሰምተው በጣሳ ክዳን የእንጨት ኮላ አመጡልን፤ «ይሄን ትልሰው እንደሆነ እናያለን» አሉ። ከመላጊያቸው ሥር የወደቀውን የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ሰብስበን በሳር ፈንታ ጣራውን ከደንነው። የክብሪት ቀፎ አልጋ ሆነ። ጋኑን ከግቢው ጭቃ ጠፍጥፌ ምድጃው ዳር አደረቅሁት። ሰሚራ ከበግ ቆዳ ቁራጭ ጅብ ሰፋች፤ ፊቱ የጅብ ባይመስልም ሽታው ይመስል ነበር። ወለላን ከስንጥር ሠራናት። ቀሚስ ሲቀራት እማማ በለጡ በግራ እጃቸው የክር ሳጥናቸውን ስበው ሲበረብሩ ቆዩና አረንጓዴ ጥለት አወጡ። ማልበሱን ለእኛ አልሰጡንም፤ በአንድ እጅና በጥርስ ታግለው አለበሷት።

ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። ዝናቡ ሲያባራ እንመጣና ወለላን ጋኑ ውስጥ፣ ጅቡን በሩ ላይ እናቆማለን። «በመስኮት ወጣች?» እላለሁ። ራሳቸውን ያወዛውዛሉ። «ጅቡ ተኛ?» አይደለም። «አባቷ መጣ?» አይደለም። ልናገኘው ስንቃረብ ደግሞ ደላላ የበግ ሽታ ስቧት ትመጣለች፤ ጅቡን በአፏ አንስታ ጣራ ላይ ትወጣለች፣ ሰሚራም በድንጋይ ታስወርዳታለች። ጅቡ ጆሮውን አጣ፣ ቀጥሎ አንድ እግሩን። እናቴ በዚህ መሃል ገብታ፣ «ተዉአቸው እንጂ፣ አታድክሟቸው» ስትል እማማ በለጡ ክንዷን ይዘው ወደ በሩ ገፋ አደረጓት። እናቴ ገርሟት ወጣች።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ውጭው ጠቁሮ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሻማ ለኩሰን ቤቱ አጠገብ አቁመነዋል፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን የወለላን ጥላ ካርቶኑ ላይ ሲጥለው ቤቱ እውነተኛ ቤት መሰለ። ሰሚራ ጅቡን እያንቀሳቀሰች በወፍራም ድምፅ፣ «ቤቴ ውስጥ ማነው የተነፈሰው?» አለች። እማማ በለጡ ወደፊት አዘነበሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በዚህች ቅጽበት ደላላ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ዘለለችና ጣራው መሃል አረፈች።

ቤቱ ድምጥማጡ ጠፋ። ፍቅፋቂው ተበተነ፣ ጋኑ ተሰነጠቀ፣ ሻማው ወደቀና ሰሚራ በእግሯ አጠፋችው። ደላላ ጅቡን ነክሳ በተከፈተው በር በረዶው ውስጥ በረረች። በፍሙ ብርሃን ብቻ ቀረን። እኔ ልቅሶ ሊያመልጠኝ ሲል፣ ወለላን በአረንጓዴ ቀሚሷ ከፍርስራሹ ወዲያ፣ እማማ በለጡ እግር አጠገብ ወድቃ አየኋት።

እሳቸውም አዩዋት። ግራ እጃቸው ተነሣ።

«ወጣች!» አሉ።

ጥርት ብሎ። ሰሚራና እኔ ተያየን። «ወጣች! ወጣች!» አሉ ደግመው፤ ከዚያ በተጣመመ ከንፈራቸው ይስቁ ጀመር። ሳቃቸው እንደ ድሮው ነበር፤ ሳቁን ስትሮኩ አልነካውም። እናቴ ጩኸት መስሏት በረዶው ውስጥ ሮጣ ስትደርስ ሦስታችንም ፍርስራሹ መሃል ተቃቅፈን እንስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ባንዴ አልተስተካከለም። ቃላቱ እንደ ፈሩ ልጆች አንድ አንድ እያሉ ነው የመጡት። ቤቱን ደግመን ሠራነው፤ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እጀምርና መጨረሻው ላይ አቆማለሁ፣ «ወለላ በሩን...» እላለሁ፣ እንጠብቃለን፣ ከሰሉ ይንጣጣል፣ ሰሚራ ልትነግራቸው ስትል አፏን እይዛለሁ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «ከፈተች» ይላሉ። አንዳንዱ ቀን ምንም ሳይመጣ ይመሻል። ቃል ሲገኝ ግን ያ ቃል ከእንግዲህ የእሳቸው ነበር። «ሄደች»ን አገኙ። «ቤቷ»ን አገኙ። «ተመለሰች»ን ያገኙ ዕለት ደጋግመው ሲሉት ዋሉ።

ለመስቀል ዋዜማ ሙላት መኪና ይዞ መጣ። እናቴ ልብሳቸውን በሻንጣ አዘጋጅታለች። ሙላት ሻንጣውን አውጥቶ ሲመለስ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። «ቀበሌ ጎራ ብለን አስረክበን ነው የምናልፈው» አለ ለእናቴ።

«ሙላት» አሉ እማማ በለጡ።

ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። ስሙን ከአፋቸው ከሰማ ቆይቷል።

«ለመስቀል... እሄዳለሁ።»

«አዎ አክስቴ! እንሄዳለን እንጂ!» አለ ደስታው ፊቱን ሞልቶት።

ጣታቸውን አነሡ፤ አልጨረስኩም ማለታቸው ነበር። ሙላት ሊያግዛቸው አፉን ሲከፍት ሳላስበው፣ «ይጠብቁ፣ ይመጣል» አልኩት። አፉን መልሶ ገጠመ። እማማ በለጡ ወለሉን ሲያዩ ቆዩ፣ ከንፈራቸው ሞከረ፣ ተወ፣ ደግሞ ሞከረ።

«እመለሳለሁ» አሉ። «ቤቴ።»

«ማን ያስታምምዎታል አክስቴ?» አለ ሙላት በቀስታ። ጥያቄው ለእሳቸው ነበር፤ ወደ እናቴ አልዞረም። የመለሰችው ግን እናቴ ነበረች። «እኛ አለን» አለች። «እስካሁንስ ማን ነበር?» ሙላት ጥቂት አሰበና ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ግራ እጃቸው ውስጥ አስቀመጠው። ቡታጅራ ሄደው ክትፏቸውን በልተው፣ ከመስቀል በኋላ በዚያው መኪና ተመለሱ።

ዓመታት አልፈው ግቢያችን ሲፈርስ እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ እሳቸውም ከእኛ ብሎክ ጀርባ፣ ደረጃ የሌለበት ምድር ላይ አንድ ክፍል አገኙ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለእረፍት በመጣሁ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ያኔ ንግግራቸው ቀስ ያለ ቢሆንም ሙሉ ነበር። ለዓመታት የያዝኩትን ጥያቄ አነሳሁ፤ ስትሮኩ ባይመጣ ኖሮ በማግስቱ ሊነግሩን የነበረው መጨረሻ ምን ነበር? ወለላ በእውነተኛው ተረት እንዴት ነው የወጣችው?

እያዩኝ ፈገግ አሉ። «እኔም እኮ... አላውቀውም ነበር» አሉኝ። «ነገ ይመጣልኛል ብዬ... ነው የተኛሁት።»

እማማ በለጡ ካረፉ ጥቂት ዓመት ሆኗል። እኔ አሁን ሰንጋ ተራ፣ ወረፋ በማይጠፋበት አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ ባለጉዳይ አስተናግዳለሁ። አንዳንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ፊቴ ይቆሙና የመጡበት ጉዳይ ስም ይጠፋባቸዋል። ከኋላ ያለው ሰው ይቁነጠነጣል፣ አብሯቸው የመጣው ልጅ በእሳቸው ፈንታ ሊናገር ይቸኩላል። እኔ ግን ሥራዬን አቁሜ፣ ዓይናቸውን እያየሁ እጠብቃለሁ። አለቃዬ አንድ ቀን ይህ ነገር ወረፋውን ያረዝማል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያረዝማል። ሆኖም እዚያ መስኮት ላይ እስከተቀመጥኩ ድረስ የማንም ቃል መሃል መንገድ ላይ አይቀርም።