በገብስማዋ ዶሮ ቀናሁ

ዶሮዎቹ የእኔ ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ሰሞን የተሰማኝን ነገር ሰው እንዲረዳልኝ ስለምፈልግ ነው።

የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር፣ ዙሪያዋን በፎቅ ተከባ ሳትፈርስ በቀረች አንዲት አሮጌ ቪላ ጓሮ፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ነው። አከራያችን ቪላው ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ኬንያዊት አሮጊት ናቸው። ጓሮው ሰፊ ነው፤ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍም አለበት። እሳቸው "የፈለጋችሁትን አድርጉበት" ሲሉን እኔ ዶሮ ማርባት አማረኝ።

ባሌ አልወደደውም። "ናይሮቢ ድረስ የመጣነው ዶሮ ልንጠብቅ ነው? እንቁላል እንደሆነ ሱቅ ሞልቷል" አለኝ። አልሰማሁትም። አንድ ቅዳሜ ኬንያውያን ኪዬንዬጂ የሚሏቸውን ስድስት የአገር ቄቦች ገዛሁና ካርቶን ውስጥ አድርጌ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሰዉ እስኪስቅብኝ ድረስ መንገዱን ሁሉ ይንጫጩ ነበር። ስም አላወጣንላቸውም፤ በቀለማቸው ነበር የምንጠራቸው። ቀይዋ፣ ነጯ፣ ጥቁሯ፣ ገብስማዋ፣ ሁለቱ ቡኒዎች።

የምሠራው ፓርክላንድስ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ጨርቅ ስዘረጋና ሳጥፍ ውዬ ስመለስ፣ የግቢው በር ሲንኳኳ ዶሮዎቹ እየተሯሯጡ ይመጡልኛል። ከሁሉም ገብስማዋ ትቀድማለች። ቦርሳዬን ቀና ብላ ታያለች፤ ቶሎ ካልበተንኩላት ጫማዬን ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። እኔን ስታይ የምትሮጥ ነፍስ መኖሯ ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጃችን ከስልኳ ቀና አትልም። ባሌም ወደ ሞያሌ ዕቃ የሚያመላልሰው መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ውሎው ሶፋ ላይ ነው። "ዋልሽ?" ይለኛል። "ዋልኩ" እለዋለሁ። በዚያው ያልቃል።

በሐምሌ ብርድ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ልፈታቸው ስወጣ ጓሮው ላባ በላባ ሆኗል። የዶሮ ቤቱ ጣውላ ከሥር በስብሶ ኖሮ አንድ ነገር በዚያ ገብቶባቸዋል። ጥቁሯ አንገቷ ተቆርጦ ደጁ ላይ ወድቃለች። ሁለቱ ቡኒዎች ውስጥ ሞተዋል። ቀይዋ ምንም ሳትሆን የአቮካዶው ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ ትጮኻለች። ነጯና ገብስማዋ ጥግ ላይ ተሸጉጠዋል፤ የነጯ ክንፍ ተንጠልጥሏል፤ የገብስማዋ ጀርባ ቆዳው ተገሽልጦ ሥጋዋ ይታያል።

የጎረቤት ፎቅ ዘበኛ በአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ "ፖሌ ማማ" አለኝ፤ አዝናለሁ እናቴ ማለቱ ነው። ሊነጋ ሲል አንዲት አውሬ አጥሩ ላይ ስትሮጥ አይቷል፤ ድመት እንዳትመስልሽ፣ ጅራቷ ረጅምና ቀለበት ቀለበት ያለበት ነው አለኝ። ሸለምጥማጥ መሆኗን አወቅኩ። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ሁሉ ፎቅ መካከል ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ከማልቀስ በስተቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ባሌ ጩኸቴን ሰምቶ በነጠላ ጫማ ወጣ። እኔንም ዶሮዎቹንም አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገብስማዋን በሁለት እጁ አነሳትና ደረቱ ላይ አስደገፋት።

"ለብ ያለ ውኃና ጨው አምጪ፤ ንጹሕ ጨርቅም" አለኝ።

ልጃችንም ወጣች። ስልኳን ከፍታ "ዳዲ፣ ዩቲዩብ ላይ አለ፤ መጀመሪያ ላባውን ዙሪያውን መቁረጥ ነው" አለችው። እሷ ከስልኳ እያየች ስትነግረው እሱ በመቀስ ላባውን ከረከመ፤ ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበ። ዶሮዋ ስትንፈራገጥ በክንዱ አቀፋትና "አይዞሽ፤ አይዞሽ የኔ እናት፤ አሁን ያልቃል" አላት።

ልጄ ወደ እኔ ዞራ "ማሚ፣ ዳዲ እንዲህ ጀንትል ነው እንዴ?" አለችኝ።

አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ያን ድምፅ ከእሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

የእንስሳት መድኃኒት ከሚሸጡበት ሱቅ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሚረጭ መድኃኒት ገዝቶ መጣ። ዝንብ ካረፈበት ትል ይጥላል ብለውት ስለነበር ዶሮዎቹ ውጭ ማደር የለባቸውም አለ። ጨለማና ሙቅ ቦታ ይፈልጋሉ። ቤታችን ውስጥ ጨለማና ሙቅ ቦታ መኝታ ቤታችን ነው። ካርቶኑን ከአልጋው አጠገብ፣ በእሱ በኩል አስቀመጠው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶፋው ባዶ ሆነ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ስኳርና ትንሽ ጨው የገባበት ውኃ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረገ ሲያጠጣቸው ትቼው እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጣቱ እየፈረፈረ ሲያጎርሳቸው አገኘዋለሁ። የግቢውን በር ሳንኳኳ የምትመጣው ቀይዋ ብቻ ናት፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ደንጋጣ ሆናለች፤ ጥሬዋን ለቅማ ትሸሻለች። ካርቶኑ ጋ ሄጄ ገብስማዋን ላነሳት ስሞክር አንገቷን ሰብስባ ወደ ጥግ ትሸሸኛለች። እሱ እጁን ሲሰድ ግን ራሷ ትመጣና መዳፉ ውስጥ ትገባለች።

"ሕመሟን ስለማውቀው ነው" አለኝ አንዴ፣ እያየሁት መሆኑን ሲያይ።

የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ልትጠይቀን መጣች። ገና ስትገባ ባሌ ዶሮዋን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁስሏን በማር ሲቀባ አገኘችው። ቆማ አየችው። ሸኝቻት ስወጣ "አንቺዬ፣ ጌታ ምን ዓይነት ርኅሩኅ ባል ነው የሰጠሽ። ለዶሮ እንዲህ የሆነ ለሚስቱማ እንዴት ይሆን?" አለችኝ። ፈገግ አልኩ። በሩን ዘግቼ ተመለስኩ።

ለሚስቱ እንዴት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የማህፀን እጢ ነበረብኝና ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ገንዘቡን ከየትም ብሎ አመጣ፤ በዚያ አላማውም። ግን ሆስፒታል ሲመጣ ፍራፍሬውን በፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። "እንዴት ነሽ?" ይለኛል፤ "ደህና ነኝ" እለዋለሁ፤ ከዚያ ስልኩን ያያል። ያጠቡኝና ያጎረሱኝ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ቤት ከገባሁ በኋላም ቁስሌን አንድ ቀን አይቶት አያውቅም። ልነሳ ስል ደጋፊ አጥቼ ግድግዳ ይዤ የተነሳሁበት ቀን ብዙ ነው።

እና አሁን፣ እኔ በተኛሁበት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ለዶሮ "አይዞሽ" ይላል። ሰው በዶሮ ይቀናል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እኔ ቀንቻለሁ። ለማንም የማይነገር ቅናት ነው። በሴት ብቀና ኖሮ ቢያንስ የማማክረው ሰው አላጣም ነበር። ያም አልበቃ ብሎ በእሱም ቀናሁ፤ ከገበያ አቅፌ ያመጣኋት፣ የእግሬን ኮቴ ታውቅ የነበረችው ዶሮዬ አሁን የእሱ ናት። በየትኛው ይበልጥ እንደተቃጠልኩ እስከ ዛሬ መለየት አልችልም።

ነጯ አልተረፈችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ባሌ አቮካዶው ሥር ጉድጓድ ሲቆፍር አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል። "ጠዋት ውኃ ጠጥታ ነበር እኮ" አለኝ። ላጽናናው ይገባኝ ነበር። በሆዴ ግን "ለእኔ እንዲህ ዓይንህ ቀልቶ ያውቃል?" እያልኩ አጠገቡ ቆምኩ። አፈሩን መልሶ በእግሩ ደልድሎ ወዲያው ወደ ገብስማዋ ገባ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝ። ራሴን እየወጋኝ፣ ሰውነቴ እየተንቀጠቀጠ ከሱቁ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ስገባ ባሌ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ የገብስማዋ ጀርባ ላይ መድኃኒት እየረጨ ነበር።

"ዛሬ ቀደምሽ" አለኝ ቀና ሳይል።

"አሞኛል።"

"ፓናዶል መሳቢያው ውስጥ አለ።" ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ አለና "አይዞሽ፤ ጨረስን፤ አይዞሽ" አላት።

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

"እኔን እንዲህ አላስታመምከኝም" አልኩት።

"መቼ?"

"ኦፕራሲዮን የሆንኩ ጊዜ።"

እጁ ቆመ። "እሱን ነገር ዛሬ ምን አመጣው?"

"ዶሮዋ" አልኩት።

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል። አንዴ ከጫርኩት በኋላ መመለስ አልቻልኩም። ወንበሩን፣ ፌስታሉን፣ ስልኩን፣ ግድግዳውን ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኽኩም፤ ድምፄም አልነበረኝም። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

"ስመጣ ሴቶቹ አልጋሽን ከበውታል" አለ። "ምን ላግዝ ስል አንተ ሂድ እረፍ፣ ይሄ የሴት ሥራ ነው አሉኝ። አንቺም ግባ አላልሽኝም።"

"ቤት ከመጣሁ በኋላስ? ማታ ማታ ብቻችንን አልነበርንም?"

ዶሮዋ ጭኑ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች።

"አንድ ቀን ፋሻው ሲፈታ በበሩ አየሁት። ራሴን አዞረኝ። ከዚያ በኋላ መቅረብ ፈራሁ። የምነካሽ ሁሉ የሚያምሽ መሰለኝ።"

"የእሷን ግን አልፈራህም።"

"እሷ ብትሞት ዶሮ ናት" አለ።

ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። ቢሆንም ሁሉንም አልተቀበልኩትም። ሰው እየፈራም መቅረብ ይችላል ብዬ አሰብኩ፤ አልኩትም። "እውነትሽን ነው" ብቻ አለኝ።

ዶሮዋን ካርቶኗ ውስጥ መለሳትና ዝንጅብል አፍልቶ አልጋ ላይ አመጣልኝ። እጁን ግንባሬ ላይ አሳረፈ። መዳፉ የዶሮዋን መድኃኒት ይሸታል፤ ጣቶቹ ወይን ጠጅ ሆነዋል፤ አንሶላው ላይ የጣለው ቀለም ዛሬም አልለቀቀም። "አይዞሽ" አለኝ። ለእሷ ሲላት እንደነበረው አልነበረም፤ እፍር ብሎ፣ እንደ ልጅ ነው ያለው። እሷ ቀድማኝ ስለሰማችው ቅር አለኝ። ዝንጅብሉን ግን ጠጣሁት።

የገብስማዋ ቁስል መጀመሪያ ቅርፊት ያዘ፤ ከዚያ እንደ ብሩሽ ጭረት ያለ አዲስ ላባ ብቅ ብቅ አለበት። ባሌ የዶሮ ቤቱን ጣውላ ለወጠና ከሥር ጠንካራ ሽቦ ቀበረበት። መልሰን ስንቀላቅላቸው ቀይዋ አላወቀቻትም፤ ራሷን እየነቆረች አሳደደቻት። ስለዚህ እንደገና እስኪላመዱ ድረስ እሱ ጓሮው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሃላቸው ሆኖ ይውላል። ከሥራ ስመለስ ሦስቱን አንድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ሁለተኛ በርጩማ አምጥቼ እቀመጣለሁ። ስለ ሱቁ እነግረዋለሁ፤ እሱም በየቀኑ ያያቸውን ትንንሽ ነገሮች ይነግረኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ማውራት የጀመርነው እዚያ ነው። እሱ እያወራኝ ገብስማዋ ጭኑ ላይ ዘላ ስትወጣ ግን ወሬውን አቋርጦ ያቅፋታል፤ እኔም የዚያን ጊዜ ወደ ቀይዋ እዞራለሁ።

ዝናቡ ሲገባ ሥራ አገኘ። የድሮ ባልደረባው የጭነት መኪኖች አሰማርቶ ኖሮ ሞያሌ ሆኖ የሚቆጣጠርለት ሰው ፈለገ። የሄደ ዕለት ጠዋት ተሰናብቶን ከወጣ በኋላ ገብስማዋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ስታይ ዋለች። በቆሎ በመዳፌ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ቀኑን አላስታውስም፤ አንድ ማለዳ ጎንበስ ስል መጥታ ከመዳፌ በላች። ከዚያ በኋላ ማታ የግቢው በር ሲንኳኳ እንደ ድሮዋ እየሮጠች መምጣት ጀመረች፤ አዲሱ ላባዋ ከሌላው ነጣ ያለ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል።

ባሌ ሲደውል መጀመሪያ ስለ እኔ ይጠይቃል። ይህን ልብ ብዬ እሰማለሁ። አንድ ምሽት እኔን ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ "ገብስማዋስ?" አለኝ።

"ደህና ናት። እንቁላል ጀምራለች።"

"ትፈልገኛለች?"

"መጀመሪያ ሰሞን ፈልጋሃለች። አሁን ወደ እኔ ነው የምትመጣው።"

ከበስተኋላው የከባድ መኪና ሞተር ይሰማል።

"ምን እየሰጠሻት ነው?"

"በቆሎ።"

"እኔም በቆሎ ነበር የምሰጣት" አለ።

ያን ድምፅ አወቅኩት። ስንት ሳምንት በሆዴ ይዤው የዞርኩት ቅናት ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ መሸሸግ አያስፈልገኝም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ በዚያ በረሃ፣ ማደሪያ ብለው በሰጡት ኮንቴይነር ውስጥ ብቻውን መሆኑን አሰብኩና አሳዘነኝ።

"ስትመጣ ታውቅሃለች" አልኩት።

"ታውቀኝ ይሆን?"

"እኔ እንጃ" አልኩት፤ እውነቱ እሱ ስለሆነ። "አንተ ብትዘገይ ግን ልትረሳህም ትችላለች።"

ሳቀ። "አልዘገይም" አለኝ፤ ቀጥሎም ልጃችንን እንዳገናኘው ጠየቀኝ። ስልኩን ሰጠኋትና መጨለም ስለጀመረ ዶሮዎቹን ልዘጋ ወጣሁ።