መርከቡም ኔሪን ይሻገራል

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጂንካ ውስጥ፣ የድሮው አውሮፕላን ሜዳ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ፤ ሜዳውም አውሮፕላን ካረፈበት ቆይቷል። ይህን ታሪክ ግን ስንት ጊዜ እንዳወራሁት ልጆቼን ጠይቋቸው። "እማዬ፣ የመርከቧን ልትጀምሪ ነው?" እያሉ ይሸሹኛል። እናንተ ስለማትሸሹ ዛሬ ከነጓዙ ላውራው።

መጀመሪያ ስለ እንግሊዝኛዬ ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ እናቴ ታመመችና ቤቱ እኔን ፈለገ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሆቴሉ ነው። እንግዶች አንብበው ትተውት የሚሄዱትን መጽሐፍ እሰበስባለሁ፣ ሲያወሩ እያጠብኩ አዳምጣለሁ። አንድ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላትም ነበረኝ። ምን ያደርጋል፣ ከ"ኤም" በኋላ ያለው ገጽ በሙሉ ተገንጥሎ ጠፍቷል። እኔም ከ"ኤ" እስከ "ኤም" ያለውን አንድ በአንድ ሸመደድኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ይወቀው። እንግዳ በ"ኤስ" ወይም በ"ፒ" የሚጀምር ነገር ሲጠይቀኝ ፈገግ ብዬ ውሃ አመጣለታለሁ።

አባቴ የአሪ ገበሬ ነው፤ ኮረሪማና ጎደሬ ያለማል፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። ቤታችን ከከተማው ኔሪን ተሻግሮ ነው። ወንዙን አቋርጬ፣ ዳገቱን ወጥቼ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሥራ የላቸው፣ "ሆቴል የገባች ልጅ ተበላሸች በለው" እያሉ ጆሮውን ሞሉት። አንድ ቀን ጠራኝና፣

"ድንቄ፣ ይህ ወር ይለቅና ትወጫለሽ። አንሶላ ቤትም ይታጠባል" አለኝ።

የአባቴ ቃል አንድ ነው። ለኔ ግን ነገሩ የአንሶላ አልነበረም። ከዚያ ግቢ ከወጣሁ ከማን ጋር ነው እንግሊዝኛ የማወራው? ከጎደሬው ጋር?

በዚያው ሰሞን ማርግሬት የምትባል ጸጉሯ ነጭ የሆነ ፈረንጅ ሆቴላችን አርፋ ነበር። ዝናቡ ሜዳውን አጨቅይቶት አውሮፕላኑ ሳይመጣ ቀረ፤ እሷም ስትጠብቅ ሰነበተች። ያኔ ሜዳው የሁላችንም ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የሜዳው ዘበኛ ፊሽካውን እየነፋ ሰውንም ከብቱንም ያባርራል። አውሮፕላኑ ቆሞ እያለ ኳስ የሚባል ነገር የለም። ተነስቶ ከዛፎቹ በላይ ሲሆን ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። ማርግሬት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ይህን እኔ ስነግራት በጣም ሳቀች። ለምን ያን ያህል እንደሳቀች ያኔ አልገባኝም።

ደግ ሴት ነበረች። ስሳሳት ታርመኛለች እንጂ አትስቅብኝም። እኔም አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ አባቴ የማገለግላቸውን ሰዎች አንዴ በዓይኑ ቢያይ ልቡ ይራራ ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ጠራኋት። ሥራዋ ምን እንደነበረ ግን አልጠየቅኳትም። የኔ ሞኝነት እዚህ ላይ ነው።

እናቴ ጎደሬ ቀቅላ፣ ዳጣ ፈጭታ ጠበቀችን። ማርግሬት ዳጣውን ደፈረችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አፍንጫዋ ቀላ፤ ደግማ ጠቀሰች። እናቴም በአሪኛ "ይህችስ የኛው ናት፣ መልኳ ነው የተሳሳተው" አለች። አባቴ ፈገግ አለ። እኔም "ተሳካልኝ" አልኩ በሆዴ።

ከዚያ አባቴ ወደኔ ዞሮ፣

"እንግዳችን በአገራቸው ሥራቸው ምን ነበር? ጠይቂልኝ" አለ።

ጠየቅኳት። እሷም ደስ ብሏት፣ ዘርዝራ መለሰች። "ካዚኖ" ነው ያለችው። "ካዚኖ" ደግሞ በ"ሲ" ነው የሚጀምረው፣ በኔ ግማሽ ውስጥ አለ፦ ቁማር ቤት። በትልቅ የመንገደኛ መርከብ ላይ፣ ቁማር ቤት ውስጥ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ካርታ ስታድል የኖረች ሴት ናት እንግዲህ አባቴ ቤት ያስገባኋት! ቤታችን ካርታ እንኳን ሊገባ ስሙም ተጠርቶ አያውቅም።

"መርከብ ላይ መንገደኛ ታስተናግድ ነበር" አልኩት።

አባቴ ወደኔ ጠጋ አለ።

"ይህን ሁሉ ተናግረው ይህችን ብቻ ነው ያሉት?"

"አዎ አባባ።"

"እጃቸውስ? እጃቸው ምን አለ?"

ለካ ማርግሬት ስታወራ እጇ ሥራውን ይሠራ ነበር። ግራ እጇ አንድ ነገር እንደያዘ ሰብሰብ ብሏል፣ የቀኝ እጇ ጣቶች ደግሞ የማይታይ ነገር የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ፈጠን ፈጠን እያደረጉ ይበትናሉ። እኔ አፏን ሳዳምጥ እጇን አላየሁም። አባቴ እንግሊዝኛ ስለማያውቅ እጇን ነበር የሚያዳምጠው።

ቀጥሎ ያደረገውን መቼም አልረሳም። ያን መቆፈሪያ ያሻከረውን እጁን አነሳና ልክ እንደሷ አደረገ። ልክ እንደሷ! ፈጠን፣ ፈጠን፣ ፈጠን።

"ይህ ካርታ የሚያድል እጅ ነው" አለ። "አውቀዋለሁ።"

እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። "አንተ ሰውዬ! አንተ ደግሞ ከየት አወቅኸው?"

እሱ ግን ወደኔ ዞረ። "ድንቄ፣ እንደገና ተርጉሚ። የተባለውን" አለኝ።

የተባለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ቁማር ቤቱንም፣ ካርታውንም፣ መርከቡንም። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ "በቃ፣ ሰኞ ወደ ሆቴል መሄድ የለም" ብዬ ፍርዴን ጠበቅኩ።

አባቴ ጎደሬውን ቀስ ብሎ አኘከ፣ ዋጠ።

"እስቲ ጠይቂልኝ" አለ። "መርከቡ ሰው አገር ደርሶ ሲቆም፣ ያ ቤት ይከፈታል?"

ጠየቅኳት። ማርግሬት የያዘችውን ጎደሬ አስቀምጣ አባቴን ትክ ብላ አየችው። ስትመልስ አንድ ቃል ደጋገመች። ቃሉ በ"ፒ" ይጀምራል። እንደ ልማዴ ፈገግ ልል ነበር፤ አባቴ ግን ያየኛል። "ይህን ቃል አላውቀውም" አልኳት፣ እንግሊዝኛ ማውራት ከጀመርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሷም እንጨት አንስታ መሬቱ ላይ ሣለችልኝ፦ ይህ ውሃ፣ ይህ የብስ፣ ይህ በገመድ የታሰረ መርከብ።

"አባባ፣ የመርከብ ሜዳ ማለቷ ነው" አልኩት። "አውሮፕላን እኛ ሜዳ እንደሚያርፈው፣ መርከብም የሚያርፍበት አለው።" ወደብ የሚለውን ቃል በአሪኛ ከየት ላምጣው?

"እሺ፣ እዚያ ሲያርፍስ?"

"አይከፈትም ነው የምትለው። መርከቡ እንደቆመ የዚያ አገር ሕግ ይይዘዋል። የሚፈቅዱ ጥቂት አገሮች አሉ፣ አብዛኞቹ ግን አይፈቅዱም። ስለዚህ ጠረጴዛው ይሸፈናል፣ በሩ ይቆለፋል። ገመዱ ተፈትቶ፣ መሬቱ ርቆ፣ መርከቡ ባሕር መሐል ሲገባ ነው የሚከፈተው። መንገደኞቹ ግን አላስችል ብሏቸው በሩን ይጎትታሉ፣ 'ለምን ተዘጋ?' ብለው ይቆጧታል።"

አባቴ መሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ ትከሻው ነው የሳቀው፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ በመጨረሻ ድምፁ ወጣ።

"እኛም እኮ ኔሪን ተሻግረን ነበር የምንጫወተው! መንደር ውስጥ ማን ካርታ ያወጣል? ሽማግሌ አለ፣ አባት አለ። ወንዙን ከተሻገርን ግን ማን ያየናል! ንገሪያቸው ድንቄ፣ መርከቡም ኔሪን ይሻገራል በያቸው!"

ነገርኳት። ኔሪ ማለት እየመጣን ጫማዋን አውልቃ የተሻገረችው ወንዝ መሆኑንም ጨመርኩላት። ማርግሬት እስክታነባ ሳቀች። "ስንት ሺህ ሰው 'መቼ ይከፈታል?' ብሎ ጠይቆኛል" አለች። "ቆሞ ሳለ ይዘጋ እንደሆነ የጠየቀኝ ግን አባትሽ ብቻ ነው።" ይህንንም ተረጎምኩ። ሁለቱ ሽማግሎች ሲሳሳቁ በመሐላቸው የኔ ድምፅ ብቻ ነበር የሚመላለሰው።

እናቴ ናት ያልሳቀችው። "ይህን ሁሉ ዓመት ከቁማርተኛ ጋር ነው የኖርኩት?"

"ተዪ እንጂ" አላት። "አንቺን ካገባሁ ወዲህ ወንዙን ለገበያ እንጂ ለሌላ አልተሻገርኩም።"

ማርግሬትን ልሸኝ ስነሳ "ነገ እሑድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይምጡ በያቸው" አለኝ። ስለ ውሸቴ ግን ቃል አልተናገረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ማርግሬት መጣች፣ ከፊት አስቀመጥናት። የውጭ እንግዳ ሲመጣ የሚተረጉመው አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ ዲግሪ ያለው፣ ክራቫት የሚያስር። እሱም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ አባቴ ብድግ አለ። ምስክርነት ሲሰጥ አይቼው አላውቅም፤ ሌላውን የሚያዳምጥ ሰው ነበር።

"መምህር፣ ዛሬ አንተ ዕረፍ" አለ። "ልጄ ትተርጉም።"

ከኋላ አንዱ "አንሶላ አጣቢዋ?" ሲል ሰማሁት። አባቴም ሰማው።

"አዎ፣ እሷው" አለና ወደኔ ዞረ። "አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።"

ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። እሱ በአሪኛ ይናገራል፣ እኔ ለማርግሬት በእንግሊዝኛ እላለሁ። ወጣት ሳለ ኔሪን ተሻግሮ በካርታ የአባቱን በሬ ተበላ። ለአባቱም "በሬው ገደል ገባ" አለው። "በሬ" የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ በ"ኦ" ይጀምራል፣ በኔ መዝገብ ውስጥ የለም፤ "የሚያርስ ኮርማ" ብዬ አለፍኩት። መምህሩ ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ፣ ማርግሬት ግን ራሷን ነቀነቀችልኝ። "አባት"ም፣ "ውሸት"ም በኔ ግማሽ ውስጥ ነበሩ።

አያቴ ቆዳውን እንኳ ላትርፍ ብሎ ገደሉን ወረደ። ጥዋት ወርዶ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲፈልግ ዋለ። አባቴ ከላይ ቆሞ ያየው ነበር። "እውነቱን ሳልነግረው ሞተ" አለ። እኔም ተረጎምኩ፤ አንዲት ቃልም አላስቀረሁም።

ያበቃ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ቀጠለ።

"ትናንት ይህች ልጄ አንድ ነገር ደብቃ ተረጎመችልኝ። ፈርታኝ ነው። መልሼ ስጠይቃት ግን ተናገረች። እኔ ለአባቴ ይህን አላደረግኩም።"

ይህንንም ተረጎምኩ። የራሴን ውሸት፣ በራሴ አፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት። አፍሬ ነበር ብል እዋሻችኋለሁ። እንደዚያን ቀን ቀጥ ብዬ የቆምኩበት ቀን የለም።

አውሮፕላኑ በሳምንቱ አጋማሽ መጣ። ማርግሬት ደረጃው ላይ ቆማ፣ በእጇ ካርታ እንደማደል አድርጋ ተሰናበተችኝ።

ዛሬ አስጎብኚና አስተርጓሚ ነኝ፤ ዲመካ ገበያም ሆነ አልዱባ ገበያ፣ እንግዳ ይዤ ስሄድ የሚያውቀኝ ብዙ ነው። የጠፋውን የመዝገበ ቃላት ግማሽ በኋላ ራሴ ተማርኩት፣ ዓመታት ፈጀብኝ። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ ዛሬም "አላውቀውም" እላለሁ፤ የሚያሳፍር ነገር ሲባልም እንደተባለ እተረጉማለሁ። ዲግሪ ያላቸው ልጆች "እትዬ ድንቄ፣ የት ነው የተማርሽው?" ሲሉኝ የመርከቧን ታሪክ እጀምርላቸዋለሁ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። በእሱ ያለኝ ኩራት ግን አላረፈም።

ከዚያ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ልሂድ አልሂድ ሳላውቅ ተነስቼ ብወጣ አባቴ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ከፊቴ ቀድሞ ሄደ፤ ኔሪን ተሻገርን፣ ዳገቱን ወጣን። ሆቴሉ በር ላይ ሲደርስ ዘበኛውን "ልጄ ናት፣ አመጣኋት" አለውና ተመልሶ ሄደ።