ሽማግሌውን ያገዝኩበት ጠዋት

ቡታጅራ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን እሠራለሁ፤ ሲታዘዝ ደግሞ ጀልባ። ከተማችን ሐይቅ ስለሌላት ግቢዬ ውስጥ የተገለበጠ ጀልባ ያየ መንገደኛ ሁሉ ጎርፍ ሊመጣ ነው ወይ እያለ ያሾፍብኛል። ሐይቁ ግን ሩቅ አይደለም፤ በአስፋልቱ ቁልቁል ለአይሱዙ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጀልባው ሲያልቅ ጭነን እንወርዳለን። የሠራው ሰው ውሃ ሲነካ ቆሞ ማየት አለበት የሚባል ልማድ ስላለ እኔም አብሬ እወርዳለሁ።

ዳርቻው ላይ ጀልባ የሚገባበት አንድ ተዳፋት ብቻ አለ፤ ሌላው ሁሉ ደንገልና እምቦጭ ነው። ተዳፋቱ ጭቃ ነው፤ ብቻውን ጀልባ የሚያስገባ ሰው የለም። አንዱ ጀልባውን ወደ ውሃው ሲያዞር ዳር ያለው ሁሉ መረቡን ጥሎ፣ ሻዩን አስቀምጦ ይነሳል። ጠሪ አያስፈልግም። ባለጀልባው ከኋላ ይቆማል፣ ሌሎቹ ግራና ቀኝ ይይዛሉ፣ «በል» የሚለው እሱ ነው፣ መጨረሻ ላይ ዘሎ የሚገባውም እሱ ነው። የኋላው ቦታ የባለቤቱ ነውና ማንም አይነካውም። ሲያበቃ ሁሉም ወደ ሻዩ ይመለሳል።

መጀመሪያ የወረድኩ ጊዜ ለገፉልኝ ሰዎች «እግዜር ይስጥልኝ» ብል ሳቁብኝ። ምክንያቱን የነገረኝ አጠገቤ የቆመ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ነው።

«እዚህ የሚመሰገነው እንግዳ ነው» አለኝ። «ዛሬ እኛ ያንተን እንገፋለን፣ ነገ አንተ የኛን ትገፋለህ። ምስጋናህን ለመንገደኛ አስቀምጠው።»

ይህ ሽማግሌ የእኛው አገር ሰው ነው፤ በልጅነቱ ከቡታጅራ አጠገብ ካለ መንደር ወርዶ እዚያው የቀረ። የመጀመሪያ ደንበኛዬም እሱ ነበር። መዶሻ ይዞ አያውቅም፤ ግን አውራ ጣቱን በሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ሲያስኬድ ውሃ የሚገባበትን ቦታ ገና ጀልባው ሳይረጥብ ያሳይሃል። አንድ ቀን እንኳ ሲሳሳት አላየሁም። ስለ ጀልባ የማውቀውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ይህን ግን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እሱም አላመሰገነኝም፣ እኔም አላመሰገንኩትም። «የአልጋ አናጢ» ብሎ ይጠራኝ ነበር፤ በሰው ፊት ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

የአስጋሪዎቹ ማኅበር አንድ ደንብ አለው። አንድ ጊዜ አቅም ያነሰው ሰው ከጀልባ ወድቆ፣ መልሶ መውጣት አቅቶት ሰጥሟል፤ ከዚያ ወዲህ ጀልባውን ራሱ ገፍቶ ራሱ መግባት ላልቻለ ሰው ተራ አይሰጥም። ተራ ከሌለህ መረብ አትጥልም። የሽማግሌው ጉልበት ደግሞ ከከዳው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዳርቻው ላይ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም እያወቁ አያውቁም ነበር። እሱ እንደ ድሮው ከኋላ ቆሞ እጁን እንጨቱ ላይ ያሳርፋል፣ «በል» ይላል፣ ግራና ቀኝ ያሉት የእሱንም ድርሻ ጨምረው ይገፋሉ። የመግቢያው ሰዓት ሲደርስ አንዱ የደከመው መስሎ ጠርዙ ላይ ይደገፋል፤ ጀልባው ወደ ሽማግሌው ዘንበል ይልለታል፤ እሱም እግሩን አንስቶ ይገባል። የማኅበሩ ሊቀመንበር በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ ስልኩን አውጥቶ ወደ መንገዱ ይዞራል። ተሰብስበው የተስማሙበት ነገር አይደለም። ሽማግሌው ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ርቀው ሄደዋል፤ የቀረው ሐይቁ ነው፤ ያንን ከእጁ የሚነጥቅ ጨካኝ ዳርቻው ላይ አልነበረም። እኔም ሁለት ጊዜ ጠርዙ ላይ ተደግፌለታለሁ። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

ያን ጠዋት ጭኜ የወረድኩት የእሱን ጀልባ ነበር። አሮጌው በስብሶበት አዲስ አዞኝ ስምንት ወር ጠብቋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአልጋ ሥራ በመጣ ቁጥር የእሱን ወደ ጎን እያደረግሁ ቆየሁና በመጨረሻ በችኮላ ጨረስኩት። ከአይሱዙው እንዳወረድነው ዙሪያውን መዞር ጀመረ። አውራ ጣቱን እያስኬደ መጥቶ በቀኝ በኩል ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ቆመና በጣቱ አንጓ አንኳኳው። ከማዶ መንደር የመጡ ሦስት ሰዎች በዚያው ቆመው ያያሉ። አዲስ ማኅበር አቋቁመው አራት ጀልባ ሊያሠሩ ሰው የሚያማርጡ ናቸው፤ እኔም ያን ዕለት የለበስኩት ደህናውን ሸሚዜን ነበር።

«ሳይደርቅ ነው የመታኸው» አለኝ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ ሦስቱ ሰዎች ዞረ። «እዚህ ላይ መተኛት ይቻላል። ዓሣ ማጥመድ ግን አይቻልም።»

ዳርቻው በሙሉ ሳቀ። ሦስቱ እንግዶችም ሳቁ፤ አንጀቴን ያሳረረው የእነሱ ሳቅ ነው። ሳንቃው እርጥብ ነበር። አውቄ ሬንጁን አወፍሬ ቀብቼበት ነበር። ውሸቱን ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተናደድኩ። አልጮህኩም፤ ፈገግ አልኩና ውሃው ይፍረድ አልኩት። እሱም ሳቀ፤ በእሱ ቤት ነገሩ ያው የለመድነው ቀልድ ነው።

ጀልባውን ወደ ውሃው አዞርነው፣ ሁሉም ተነሣ፣ ሽማግሌው ከኋላ ቆመ። «በል» አለ፤ ገፋን። ውሃው ጉልበታችን ጋ ሲደርስ አንድ ወጣት አስጋሪ ሊደገፍ ጠርዙን ያዘ። ሊቀመንበሩም ስልኩን አውጥቶ ዞረ። ያኔ ወጣቱን በክርኔ ገፋ አድርጌ አለፍኩትና ከሽማግሌው ጀርባ ቆምኩ። በሁለት እጄ ብብቱ ሥር ያዝኩት።

«ይተዉ ጋሼ፣ ጉልበትዎ አይችልም» አልኩት፤ ዳር ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጌ። «እኔ ላንሳዎት።»

በዚህ አልበቃኝም። ሊቀመንበሩን በማዕረጉ ጠራሁት።

«ሊቀመንበር፣ እባክህ እግራቸውን ያዝልኝ።»

በዚያ ዳርቻ አግዘኝ የተባለ ሰው እምቢ አይልም። ይህን ያስተማረኝ ሽማግሌው ነው፤ እኔም ያን ልማድ እንደ መሮ ተጠቀምኩበት። ሊቀመንበሩ ስልኩን እንደያዘ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ኪሱ ውስጥ ከተተና ጫማውን ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ገባ። አነሣነው። ክብደቱ የአንድ በር ያህል እንኳ አይሆንም። ይታገለኛል ብዬ ነበር፤ አልታገለም። እንደ ዕቃ ጀልባው ውስጥ አስቀመጥነው፤ እሱም እዚያው እንደተቀመጠ እጆቹን ያይ ጀመር። የሳቀ የለም። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ያን ዕለት ቀዝፎ ወጣ። ከዳር ሆነን ስናየው በጣሳ ውሃ ከጀልባው እየቀዳ ይደፋል፤ ይቀዝፍና ቆም ብሎ ደግሞ ይቀዳል። ውሃው የሚገባው ከሦስተኛው ሳንቃ ነበር። ቀትር ላይ ሲመለስ አንድ ዓሣ አልያዘም። ስለ ሳንቃው ግን አንዲት ቃል አልተናገረኝም።

በማግስቱ ተራ ሲጠራ ስሙ አልተጠራም። ይህን የሰማሁት በሳምንቱ ከራሱ ከሊቀመንበሩ ነው፤ ነገሩን ትቶለት እንደሆን እንደ ዋዛ ጠይቄው።

«ሳላይ ስንት ዓመት አለፍኩ» አለኝ። «አሁን ግን በእጄ ያዝኩት። በእጄ የያዝኩትን አላየሁም ልበል?»

ተራው ለሌላ ተሰጠ፤ ጀልባውንም ያው ሰው ተረከበው። የሚገርመው እኔን የወቀሰኝ የለም። ምን ብለው ይወቅሱኛል? ደካማ ሽማግሌ ደግፎ ጀልባ ማስገባት ኃጢአት ነው? ሦስቱ እንግዶችም የሳንቃውን ነገር ከቀልድ ቆጥረው፣ ደግ ሰው ነው ብለው አራቱንም ጀልባ እኔን አዘዙኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ አንድ አቅመ ደካማ ተሸክሜ ጀልባ ውስጥ አስቀመጥኩ ብዬ ነገርኳት፤ የቀረውን አልነገርኳትም። እሷ ደግሞ ለጸሎት ኅብረቷ ሰዎች አወራችው። እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ አንዲት እናት እጄን ይዘው እንዳንተ ያለውን ያብዛልን አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን ወጊው ሆኜም አልረሳሁም። የምሠራውን አልጋ ባነሣሁ ቁጥር ብብቱ ሥር የነካሁት አጥንት ትዝ ይለኛል። ሰዶ ማሳደድ ይሉት ነገር ነው፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብል እንኳ ምን ብዬ? ስላገዝኩዎት ይቅር ይበሉኝ?

ከአራቱ ጀልባዎች የመጀመሪያውን ይዤ ስወርድ ሽማግሌው ዳርቻው ላይ ካለው ግራር ሥር ተቀምጦ የሌላ ሰው መረብ ይጠግናል። ሳንቃውን ሁሉ አድርቄ ነበር የመታሁት። መጥቶ አውራ ጣቱን እንዲያስኬድበት፣ በሰው ሁሉ ፊት የአልጋ አናጢ እንዲለኝ እንደዚያ ቀን ተመኝቼ አላውቅም። ሆን ብዬ ጀልባውን ወደ ግራሩ ጠጋ አድርጌ አስወረድኩት። ቀና ብሎም አላየውም። እኛ ለመግፋት ስንነሣ ግን መረቡን አስቀመጠና በትሩን ተደግፎ ተነሣ። ሊያግዝ ነው ብዬ በግራ በኩል ቦታ ለቀቅኩለት። እሱ ግን ወደ ጀልባው አልሄደም፤ እኔ ፊት መጥቶ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እጅ ነሣኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለኝ። «ያን ዕለት ስላገዙኝ ሳላመሰግንዎት ቀርቼ ነበር።»

ተመልሶ ግራሩ ሥር ተቀመጠ። ጀልባውን ገፋን፤ እኔም ከሰው እኩል ገፋሁ።

አሁንም እወርዳለሁ፤ ሥራዬ ነው። ባለፈው ሳምንት የራሴን ጉዳይ ጨርሼ አይሱዙውን ስጠብቅ ያ በክርኔ የገፋሁት ወጣት ጀልባውን ወደ ውሃው አዞረ። ዳር የነበሩት አምስት ሰዎች ተነሡ፤ እኔም ሻዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ስድስት ሆነን ገፋንለት። ዘሎ ሊገባ ሲል ወደ እኔ ዞረና «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። አምስቱን አላመሰገናቸውም።