ከተቆረጠው ፊልም አንድ ክንድ

በደርግ ዘመን፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እንጀራዬ ግን ፊልም ማየት ነበር። ከውጭ አገር የሚገቡ ፊልሞች ለሕዝብ ከመቅረባቸው በፊት ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ከምሳ በኋላ ምድር ቤቱ አዳራሽ ተቀምጦ ያያቸዋል። እኔ ከኋላቸው ሆኜ የሚሉትን እጽፋለሁ፤ በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን በታይፕ እመታለሁ። "ይታይ"፣ "አይታይ"፣ "እዚህ ጋ ይቆረጥ"።

ያን ሰሞን አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በኅዳር አንድ ማለዳ "ጓደኛዬ ጋ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ከኮተቤ ቤታችን እንደወጣ ቀረ። ከሳምንት በኋላ አንድ የማናውቀው ሰው በራችንን አንኳኳና "በሱዳን በኩል ሊወጣ ሄዷል፤ አትፈልጉት" ብሎን ተሰወረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከበሩ ትይዩ ካለው ወንበር አትነሣም፤ እኔ ደግሞ አልቀመጥም። አውቶብስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ቆሜ እሄዳለሁ። ቢሮ ውስጥ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ለቀበሌ "ክፍለ ሀገር ሥራ አግኝቶ ሄዷል" ብለን ስለነበር፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የቀበሌ ሰው መጣ እላለሁ።

ረጋ የምለው ፊልም ሲታይ ብቻ ነበር። ለዚህም የማመሰግናቸው ፊልም የሚያጫውቱልንን አዛውንት ነው። ዕድሜያቸውን በየሲኒማ ቤቱ የማሽን ክፍል የጨረሱ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የማላውቀው ቋንቋ የሚነገርበት ፊልም ሲያልቅ፣

"ጋሼ፣ ምንም አልገባኝም እኮ" አልኳቸው።

"የሚያወሩትን ተዪው፤ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ እዪ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ማየት የጀመርኩት። እስከ ዛሬ የማልረሳው አንድ የብርድ አገር ፊልም አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ በረዶ፣ ግራጫ ሰማይ፣ ላባቸው የሚተን ጥቁር ፈረሶች ብቻ። ከዚያ አንዲት ልጅ ቀይ ሻርፕ አድርጋ ከበር ብቅ አለች። እንባዬ መጣ። ለካ ዓይኔ ሳላውቀው ቀለም ርቦት ኖሯል! ሌላው የሞቃት አገር ፊልም ነው። ባል የሞተባት ሴት በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ፀሐይ በእንጨት ፍርግርጉ ቀዳዳ ገብታ ፊቷ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ አይቸኩልም፤ ብርሃኑ ከአገጯ ተነሥቶ ዓይኗ እስኪደርስ ይጠብቃል። የኮሚቴው ሊቀመንበር አዛጋ። እኔ ግን እስክሪብቶዬን መያዜንም ረሳሁ።

ሦስተኛው በየካቲት መጣ። ስለ አንድ የድሮ ጦርነት የሚተርክ ፊልም ነው። መሃል ላይ ድምፁ ሁሉ ጠፋ። ጉም የሸፈነው ወንዝ ታየ። መጀመሪያ ውኃውና ጉሙ አይለዩም፤ ሁሉም የወተት ቀለም ነው። ቀስ በቀስ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ወጡ፤ ጓዛቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሻገራሉ። ከጀርባቸው የወጣችው ጀምበር ሰውነታቸውን ጥላ፣ ዳር ዳራቸውን ወርቅ አድርጋዋለች። ፊታቸው አይታይም። እያንዳንዱን ወጣት በቁመቱ፣ በትከሻው፣ በአካሄዱ እየለየሁ ወንድሜን ፈለግሁት።

"አቁሙት!" አለ ሊቀመንበሩ። መብራት በራ። "ይሄ ስደትን ማሳመር አይደለም እንዴ?"

"የድሮ ታሪክ እኮ ነው፣ ጓድ" አለ አንዱ አባል።

"የድሮም ይሁን፣ በጣም ያምራል። ችግሩም እሱ ነው። ይቆረጥ።"

ጻፍኩት። ሲጨርሱ ማስታወሻዬን ይዤ ወደ ማሽን ክፍሉ በሩጫ ወጣሁ። አዛውንቱ መቀስና ማጣበቂያ አቅርበው ሥራ ጀምረዋል።

"ጋሼ፣ ከእሱ ላይ ትንሽ ይስጡኝ።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ወንድሜ..." አልኩና ተውኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እሳቸውም የፊልሙን ጥቅል ወደ መብራት አንሥተው ቦታውን ፈለጉ፤ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ለክተው ቆረጡልኝ። "አንድ ክንድ ማለት አንዲት ሰከንድ ናት። የቀረው ይቃጠላል። ይህችን ደግሞ ከእኔ አልወሰድሽም።"

በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወደ ቤት ስሄድ መገናኛ ላይ አውቶብሱ ቆመ፤ ፍተሻ ነው፣ ሁላችንም ወረድን። ሴቶችን የምትፈትሸው ጠመንጃ ያነገተች፣ በዕድሜ እኩያዬ የምትሆን የአብዮት ጥበቃ ናት። መሐረቡን ፈታችው።

"ምንድን ነው?"

"ፊልም ነው። የመሥሪያ ቤት።"

ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው። ብዙ ቆየች። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ።

"ሰዎች አሉበት" አለች።

"አዎ። ወንዝ እየተሻገሩ ነው።"

"ተሻገሩ?"

"አላውቅም። እዚያ ላይ ተቆረጠ።"

ዓይኗን ከፊልሙ ነቅላ አየችኝ። የእሷም ሰው ሄዶባት ይሆን? መጠየቅ አይቻልም። ራሷ መልሳ ጠቀለለችውና ቦርሳዬ ውስጥ አስገባችው። "እለፊ" አለችኝ፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

ቤት ስደርስ ገና አልመሸም ነበር። እናቴን ከወንበሯ አስነሥቼ መስኮቱ ጋ ወሰድኳትና ፊልሙን በብርሃኑ ላይ ዘርግቼ አሳየኋት። ያደገችው ዓባይ ዳር ነው። ዓይኗን አጥብባ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች። የታሪክ ሰዎች መሆናቸውን ነግሬያታለሁ፤ ታውቃለች። ቢሆንም፣

"ውኃው ጥልቅ አይደለም" አለችኝ። "እያት ይህችን ሴትዮ፣ ቀሚሷን እንኳ ብዙም አልሰበሰበችም። ከጉልበት አያልፍም።"

ያን ቀን ማታ ከእኔ ጋር ማዕድ ቀረበች። ፊልሙን መዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ አኖረችው። ሐምሌ ላይ በሰፈሩ አሰሳ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ እኔ ሥራ ሳለሁ አቃጠለችው፤ የነገረችኝ ስመለስ ነው። ሽታው ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም።

በዓመቱ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ወንድሜ ከካርቱም በነጋዴ እጅ የላከው ደብዳቤ ደረሰን። ድንበሩን ያለፈው በጭነት መኪና ላይ፣ በሰሊጥ ጆንያ ሥር ተኝቶ ነው። "ውኃ ያየሁት እዚህ ከገባሁ በኋላ ነው፤ አቧራው ሊገድለኝ ነበር" ይላል። እናቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። በመጀመሪያው ሳቀች፣ በሁለተኛው አለቀሰች።

እኔ ግን "ይቆረጥ" የሚለውን ቃል መምታት አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ወረቀት ከቀየርኩ በኋላ ወደ መዝገብ ቤት እንድዛወር አመለከትኩ።

"ፊልም ማየት ሰለቸሽ?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"አዎ ጓድ፣ ሰለቸኝ።"

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጬ ሲኒማ መግባት ጀመርኩ። ሰው በጸጥታ ያያል። አንዳንዴ ሥዕሉ ድንገት ይዘላል፤ ሴትዮዋ ከበር ላይ ነበረች፣ አሁን መንገድ ላይ ናት። ማንም አያስተውለውም። እኔ ግን ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ፤ በመሃል የነበረው ምን ያህል ያምር እንደነበር እያሰብኩ የፊልሙ ቀሪ ያመልጠኛል።